ከቤት የመጣ ኮረንቲ

የጋሽ አብዱን ሞት ከእኔ ቀድማ የሰማችው ሬዲዮዬ ናት። ጅቡቲ ወደብ አጠገብ በምሠራበት የማቀዝቀዣ መጋዘን፣ መፍቻና ሽቦ በሞላበት ጠረጴዛዬ ላይ አንዲት ትንሽ ሬዲዮ አለችኝ። ስልኬ ሊጠራ ሲል ቀድማ «ድድ ድድ ድድ ድርርር» ትላለች። ያን ዕለትም አለች፤ ከዚያ ስልኩ ጠራ። ቁጥሩ የድሬዳዋ ነበር። እሱ መስሎኝ ገና ሳላነሳው ሳቄ መጣ።

የደወለችው ሚስቱ እትዬ ዘይነባ ነበረች። «ሙሌ፣ ጓደኛህ ጥሎን ሄደ» አለችኝ። ትናንት ምሳውን በልቶ ጋደም እንዳለ አልተነሳም፤ ከአስር ሰላት በኋላ ቀበሩት። ሰው የሚለውን ሁሉ አልኩ። እግዜር ያጥናሽ፣ ነፍሱን በገነት ያኑረው አልኩ። እሷም አሜን፣ አሜን አለች። ከዓመታት በፊት አንድ ነገር ተናግራኝ ነበር፤ እሱን ትደግመዋለች ብዬ ጠበቅኩ። አልደገመችውም። ብትደግመው ይሻለኝ ነበር።

ስለ ጋሽ አብዱ ሳወራ «እሱ» ማለቴን ማንም እንደ ብልግና እንዳያይብኝ። እኔ በባቡሩ ዘመን ጅቡቲ ከገባ ክርስቲያን ቤተሰብ ነው የተወለድኩት፤ አባቴ በአንድ ዓመት የሚበልጠንን ሰው ሁሉ አንቱ እንድንል አድርጎ ነው ያሳደገን። ካርቲዬ ሦስት በሚባለው ሰፈር የእሱ ቤት ፊት ለፊት ተከራይቼ የገባሁ ሰሞን «እንደምን ዋሉ ጋሽ አብዱ» ስለው ዞር ብሎ ከኋላው አየ።

«ከእኔ ጋ ሌላ ሰው ይታይሃል እንዴ?» አለኝ። «እኔ የድሬ ልጅ ነኝ አቦ! እኛ አገር አንቱ የሚባለው ዳኛ ብቻ ነው። አንተ በለኝ።»

አንተ ማለቱ ዓመት ፈጅቶብኛል። አሁን «እሳቸው» ብዬ ብጽፍ ግን ከመቃብሩ ተነስቶ የሚቆጣኝ ይመስለኛል።

ሥራው ጨርቅ ነበር። ከቤቱ ሥር ባለው ሱቅ የሴት ድሪያና የወንድ ሽርጥ ይሸጣል። አጭር፣ ቦርጫም፣ ጺሙን ሂና የሚቀባ፣ ሲስቅ ትከሻው የሚርገበገብ ሰው ነው። ደንበኛ ጨርቁን በዓይኗ ስትመረምር እሱ ዓይኑን ጨፍኖ በሁለት ጣቱ መካከል ያሸውና «ስሚው፣ ይሰማሻል?» ይላታል። ጨርቅም እንኳ ለእሱ በጆሮ የሚገባ ነገር ነበር።

ላይ ቤት ሳሎኑ ውስጥ ደግሞ ሌላ ዓለም አለ። በወጣትነቱ ከየመኗ ኤደን በጀልባ ያስመጣው የሸክላ ማጫወቻ፣ ሲነኩት የሚሞቅ ትልቅ አምፕሊፋየር፣ ቁመታቸው ከወገቤ በላይ የሆነ ሁለት ስፒከሮች፣ ግድግዳውን የሞሉ ሸክላዎች፤ አብዛኞቹ ኡድ የሚባለው የዓረብ ክራር ያለባቸው። ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ በርጫ እዚያ ነው። ቋሚዎቹ ዋርሳማና እኔ ነበርን። ዋርሳማ ጡረታ የወጣ የጉምሩክ ሰው ነው፤ ሶማሌ ቢሆንም ድሬ ስለተማረ አማርኛው ከእኔ ይሻላል። እኔ ጫቱን አልደፍረውም፤ የምሄደው ለሻዩና ለክርክሩ ነበር።

ሸክላ ከመጫኑ በፊት ጋሽ አብዱ ቤቱን እየዞረ ያጠፋ ነበር። ቬንቲላተሩ ይጠፋል፣ የኮሪደሩ አምፖል ይጠፋል፣ የፍሪጁ ሶኬት ይነቀላል። ጅቡቲን የሚያውቅ ሰው በሐምሌ ቬንቲላተር አጥፍቶ መቀመጥ ምን ማለት እንደሆነ አይጠይቀኝም። እትዬ ዘይነባ ከኩሽና ትጮኻለች።

«ሥጋዬ ሊበላሽ ነው አንተ ሰውዬ!»

«ሥጋው ይበላሽ፣ ኡዱ አይበላሽብኝ!»

ፍሪጅ፣ ቬንቲላተር፣ የጎረቤት ማቀዝቀዣ፣ ሁሉም በሽቦው ውስጥ ቆሻሻቸውን ይለቃሉ ባይ ነው። ሸክላውን ጭኖ ጥቂት ያዳምጥና ፊቱን አጨፍግጎ «ዛሬ ኮረንቲው ቆሽሿል» ይላል፤ ሰው የቧንቧ ውኃ ደፈረሰ እንደሚለው ማለት ነው። የአምፕሊፋየሩን ሶኬት አንዱን እግር በእትዬ ዘይነባ የጥፍር ቀለም ቀይ ቀብቶታል። ቀዩ በግራ ሲገባ ኡድ የሚመታው ሰውዬ ፊት ለፊታችን ይቀመጣል፣ ተገልብጦ ሲሰካ ግን ኩሽና ገብቶ ይመታል ይለን ነበር። ከሁሉ የሚወደው በኡድ ብቻ የተሞላ አንድ አሮጌ ሸክላ ነው። «ምቱንማ ማንም ይሰማል» ይላል። «እኔ የማዳምጠው በሁለቱ ምት መካከል ያለውን ዝምታ ነው። ኮረንቲው ንጹህ ካልሆነ ያ ዝምታ አይገኝም።»

እኔ ደግሞ እንጀራዬ ኮረንቲ ነው። እውነት ያለበትን እውነት ብየዋለሁ። ፍሪጁ ሲነሳ ስፒከሩ ውስጥ ጠቅ ይላል፤ ማንም ይሰማዋል። አንዴም ስፒከሮቹ ሌት ተቀን እምምም ብለው አላስቀምጥ ሲሉት የላላ የመሬት ሽቦ አግኝቼ አጠበቅኩለትና ዝም አሉ። ያን ቀን ግንባሬን ስሞኛል። ከዚያ ወዲህ እኔ ሐኪሙ ነበርኩ፤ መድኃኒቱን ግን አይቀበልም። ሽቦው ከጠበቀ፣ ፍሪጁም ከተነቀለ በኋላ የሚቀረው ቆሻሻ በሰው ጆሮ የሚሰማ አይደለም ብዬ ብምልለት «ያንተ ጆሮ መጋዘን ውስጥ በርዶታል» ይለኛል። ዋርሳማ ይስቃል። «አብዱ የሚሰማው ኮረንቲውን አይደለም፣ ምርቃናውን ነው» ይላል። እንዲህ እየተባባልን ዓመታት አለፉ።

እኔ ሲያሳክከኝ ሳላክ የማላድር ሰው ነኝ። ቄሱ የበዓል ቀን ተሳስተው ቢያውጁ ደጀ ሰላም ቆሜ ጠብቄ የማርም ዓይነት። አባቴ «እውነቱን ተናግሮ ከመሸበት ማደር» ይል ነበር፤ እኔም ይህን ተረት እንደ ውዳሴ ማርያም ደግሜዋለሁ። በጋሽ አብዱ ጉዳይ የመሸበት ግን እሱ እንጂ እኔ አልነበርኩም።

ጋሽ አብዱን ያሳደገው ታላቅ ወንድሙ ዩሱፍ ነው። አባታቸው አብዱ ልጅ ሳለ ስለሞተ፣ ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ባለው ቤቱ አሳድጎ፣ ለንግድ መነሻ ሰጥቶ በባቡር ጅቡቲ የላከው እሱ ነው። ኡዱን ጣቱን ይዞ ያስለመደውም እሱ ነበር። ኋላ ዩሱፍ ሲታመም «ና፣ ልይህ» ብሎ ላከበት። ጋሽ አብዱ ሮመዳን ይለፍ አለ፤ ቀጥሎ ዕቃ ወደብ ላይ አለብኝ አለ፤ ቀጥሎ ሙቀቱ ይብረድ አለ። ዩሱፍ ሞተ። ከዚያ ወዲህ ድሬ አልሄደም። ባቡሩ ይሠራ በነበረበት ጊዜ ዘመዱን ሁሉ ጣቢያ ድረስ ይሸኛል፣ እሱ ግን አይሳፈርም። ባቡሩ ሲቆም ደግሞ «እንግዲህ ባቡርም የለ» ማለት ጀመረ። ይህን ሁሉ የነገረኝ ራሱ ነው፤ አንድ ዓርብ ዋርሳማ ቀርቶ ሁለታችን ብቻ ስንሆን።

«በየትኛው ፊቴ ያንን ቤት እገባለሁ?» አለኝ። «በሩን የሚከፍትልኝ እሱ ነበር።»

ከዚያ መስመሩ መጣ። ከኢትዮጵያ ተራራና በረሃ አቋርጦ የሚመጣ፣ በውኃ ኃይል የሚመረት መብራት ለጅቡቲ ተሰጠ። እስከዚያ ድረስ ከተማችን የምትበራው በናፍታ ሞተር ነበር። አንዳችን መብራቱ በረከሰልን አልን፣ አንዳችን ሐምሌን እንሻገር ይሆናል አልን። ጋሽ አብዱ ግን ጺሙን አዲስ ሂና ተቀባ።

«መስመሩ በየት በኩል ነው የሚያልፈው?» ብሎ ጠየቀኝ። በድሬዳዋ በኩል ነው አልኩት። «ጫቱ ከአወዳይ ነው፣ ኮረንቲው በድሬ በኩል ነው። እኔ አልሄድም ብል እነሱ መጡልኝ።»

በዚያ ሰሞን አንድ ዓርብ ያን የኡድ ሸክላ ጫነ። ሁሉ ነገር ጠፍቷል፤ ላባችን ይወርዳል። ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ። የሸክላው አንድ ፊት እስኪያልቅ አልተነቃነቀም። ሲያልቅ ጺሙ በእንባ ርሶ ነበር።

«ሰማችሁት?» አለን። «እንዲህ ንጹህ ሆኖ አያውቅም። ይሄ የቤት ኮረንቲ ነው። ዩሱፍ ይቅር ብሎኛል፤ ወላሂ ይቅር ብሎኛል።»

ዋርሳማ እጁን ያዘው። በማግስቱ ግን ያ እከኬ መጣብኝ። ሊሴ ትምህርት ቤት አብሮኝ የተማረ አሊ የሚባል ጓደኛ አለኝ፤ ሥራው መብራቱ ከየት በኩል እንደሚገባ መቆጣጠር ነው። ደወልኩለት። ያን ዓርብ ቀኑን ሙሉ መስመሩ ለሥራ ተዘግቶ ከተማዋ በሞተር ብቻ እንደነበረች ነገረኝ። ጋሽ አብዱን ያስለቀሰው የቦውላኦስ መብራት ማመንጫ ናፍታ ነበር።

ያን በሆዴ ያዝኩ። ብዙ ጊዜም ይዤዋለሁ፤ ይህን ለራሴ መመስከር እችላለሁ። እሱ ግን ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ መፍረድ ጀመረ። ሸክላውን ይጭንና «ዛሬ የቤት ነው» ወይም «ዛሬ ሞተር ነው» ይላል። የቤት ነው ባለ ቀን ፊቱ ይበራል፣ ለልጆች ከረሜላ ያድላል፣ ድሬ ደውሎ ከወንድሙ ልጆች ጋር ያወራል። እኔ ኮረንቲ መታወቂያ አይዝም፤ በውኃም ተመረተ በናፍታ ግድግዳህ ላይ ሲደርስ አንድ ነው እለዋለሁ። አንድ ቀን በክርክር መሃል ደረቱን መትቶ «ፈትነኝ!» አለኝ። «እኔ ልፍረድ፣ አንተ ለጓደኛህ ደውል!»

ጀመርን። አንዱን ያገኛል፣ ሌላውን ይስታል። ሲያገኝ ዓለም የሱ ናት። ሲስት ወይ ጎረቤት ብየዳ አለ፣ ወይ መርፌዋ አርጅታለች። እየሳቀ ያልፈዋል። ያም ሳቅ ነው ያናደደኝ፤ ዛሬ ሳስበው የሚያሳፍረኝም እሱ ነው። ጨዋታ መሆኑን ሁሉም ሲያውቅ እኔ ብቻ የምር ይዤው ነበር።

የመጨረሻው ፈተና የተደረገው ሰው ጥላ ለጥላ በሚሄድበት የሙቀት ወር ላይ ነው። ጋሽ አብዱ የኡዱን ሸክላ አዳመጠና «የቤት ነው! የቤት ነው አቦ፣ ማንም አያሳምነኝም!» አለ። እኔ ለአሊ ደውዬ ስለነበር መልሶ እስኪደውል ስልኬን አምፕሊፋየሩ አጠገብ አስቀምጫለሁ። ሸክላው ገና እየዞረ ነው። በሁለቱ ምት መካከል ያለው ያ ዝምታ ላይ ስንደርስ ስፒከሮቹ በአንድ ድምፅ «ድድ ድድ ድድ ድርርር!» አሉ። ዋርሳማ ደንግጦ ሻዩን ደፋ። ከዚያ ስልኩ ጠራ። ያን ቀን ሁላችንም በእርግጥ የሰማነው ቆሻሻ ከእኔ ስልክ የወጣው ነው።

አሊ «ከትናንት ጀምሮ የምንሠራው በራሳችን ሞተር ነው» አለ። ድምፁን ለሁሉም ከፍቼው ነበር።

ጋሽ አብዱ ትከሻው እየተርገበገበ ሳቀ። «በል እንግዲህ፣ ሞተሩም የአላህ ነው» አለ። እዚያ ላይ ማብቃት ይችል ነበር። ዋርሳማ ወሬውን ወደ ሌላ ሊመራ አፉን ከፍቷል። እኔ ቀደምኩት።

«ያለቀስክበት ዓርብም ሞተር ነበር» አልኩት። «በማግስቱ ጠይቄያለሁ።»

ሳቁ አልቆመም፤ ቀስ እያለ ከትከሻው ወረደ።

«ያን ቀንም?» አለኝ።

«ያን ቀንም።»

ተነስቶ መርፌዋን ከሸክላው ላይ አነሳ። ቬንቲላተሩን አበራው። ኩሽና ገብቶ ፍሪጁን ሰካና ሲመለስ ለሁለታችንም ፎጣ ይዞልን መጣ። «ላብ በላብ አደረግኳችሁ፤ ይቅርታ አድርጉልኝ» አለ። ስንት ዓመት ስንቃጠል ይቅርታ ጠይቆን አያውቅም።

ደረጃውን ስወርድ እትዬ ዘይነባ በሩ ላይ ያዘችኝ። ሁሉን ሰምታለች። አልጮኸችም። «ሙሌ፣ ብትተወው ምን ይጎድልብህ ነበር?» አለችኝ። ይህን ነው ስልኩ ላይ ትደግመዋለች ብዬ የጠበቅኩት።

በሚቀጥለው ሳምንት ሱቁ በር ላይ አገኘሁትና ሰላም አልኩት። «እንደምን ዋሉ አቶ ሙሉጌታ» አለኝ። ይቀልዳል ብዬ ከኋላዬ ዞሬ አየሁ። አልሳቀም። አንተ በለኝ ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ አልደፈርኩም። ዓርቡ አልተቋረጠም፤ ሻዩም ሳቁም አለ፣ ፍሪጁም እንደተሰካ ነው። የሚጫወተው ግን ሬዲዮ ነው፤ ዜና፣ ዘፈን፣ የመጣውን ሁሉ። ስፒከሩ ጠቅ ሲል ፊቱን እንኳ አያዞርም። እኔ እውነቱን ይዤ አጠገቡ ተቀምጬ ሻይ እጠጣለሁ። ዓመታት እንዲህ አለፉ፤ አንቱታውም ከአፉ አልወረደም።

አዲሱ ባቡር ሊጀምር ነው ሲባል ጠቅልሎ ሊሄድ መሆኑን ሰማን። ባቡሩን እንኳ አልጠበቀም። ሱቁን ለሚስቱ ወንድም ሰጠና በድንበሯ በደወሌ በኩል በመኪና ተነሳ። አምፕሊፋየሩን በድሪያ ጨርቅ ሲጠቀልል አገዝኩት፤ ስፒከሮቹንም እኔና ዋርሳማ ተሸክመን አወረድን። መኪናው ሊነሳ ሲል እጄን ጨብጦ «ኮረንቲው ካልመጣ ሰውየው ይሄዳል እንግዲህ» አለኝ። ቁጣ አልነበረበትም። ቁጣ ቢኖርበት ኖሮ ይቅርታ መጠየቅ ይቀለኝ ነበር። አልጠየቅኩም፤ ደህና ግባ ብቻ አልኩ።

ዋርሳማ ሊያጽናናኝ ይሞክራል። አንተ ባትናገር እዚሁ ተቀምጦ በሽቦ ይቅርታ እየለመነ ይሞት ነበር፤ ይኸው የወንድሙ ቤት ገባ ይለኛል። ልክ ሊሆን ይችላል። ግን እኔ ስናገር ቤቱ እንዲገባ ብዬ አልነበረም፤ ላሸንፍ ብዬ ነው። በዚያ ዕድሜው ሱቁን ትቶ፣ ወዳጆቹን ትቶ ሲሄድ በሩን ከኋላው የዘጋሁት እኔ ነኝ። እዚያ ሄዶ ደስ ብሎት ቢሆን ደስታው የሱ ነው፤ እኔ የምካፈለው ነገር የለኝም።

ድሬ እንደገባ ደወለልኝ። «ሙሌ! አንተ!» አለኝ። ያችን «አንተ» ስንት ዓመት ጠብቄያት ነበር። «እዚህማ መብራቱ ጭራሹኑ የለም አቦ! ሁሉን ለእናንተ ልከውት ነው መሰለኝ!» ብሎ ሳቀ። የዩሱፍ የበኩር ልጅ በሩን እንደከፈተለት፣ ዓይኑ ቁርጥ አባቱን መሆኑን ነገረኝ። ስፒከሮቹን በዩሱፍ ሳሎን አቁሟቸው መብራት እየጠበቀ ነበር።

ከመሞቱ በፊት ባለው ወር እንደገና ደወለ። «መጣ! መጣ! ስማ፣ ዝም ብለህ ስማ!» አለኝና ስልኩን ከጆሮው አነሳው። ወደ ስፒከሩ እንዳስጠጋው ገባኝ። መጋዘኑ ውስጥ በሩን ዘግቼ ጆሮዬን ለጠፍኩ። ኡዱ ይኖራል፤ እኔ ዘንድ የደረሰው ግን «ድድ ድድ ድርርር» ብቻ ነው። ከዚያ ድምፁ እየሮጠ ተመለሰ።

«እህ? ንጹህ ነው?»

ንጹህ ነው ማለት ነበረብኝ። ሁለት ቃል ናት። ዋርሳማ ቢሆን ሳያስብ ይላታል፤ እትዬ ዘይነባም ትላታለች። አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን እንደ ልማዴ ነው።

«ጋሽ አብዱ፣ ምንም አይሰማም። ስልኩን ከአምፕሊፋየሩ አርቀው፤ የሚጮኸው ስልክህ ነው።»

ከኋላው ሰዎች ሲያወሩ፣ አንድ ሕፃን ሲስቅ ይሰማል።

«ግድ የለም አቦ» አለኝ። «እኔ እሰማልሃለሁ።»